ስለ ዳዳቻ ኮሌጅና በሰንሰለት ስለታሰረው የኤላ ዲማ ፓምፕ

ነገሌ ቦረና፣ ሚያዝያ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለክቡር የሥልጠና ተቋማት ዕውቅናና ክትትል ማስተባበሪያ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ እነዚህን ሦስት ዓመታት ከስብሰባ ወንበር ላይ ያልተነሣው ወገብዎ እንደምን አለ? ባለቤቴ እሙሽ «ለባለሥልጣን ሲጻፍ መጀመሪያ ጤና ይጠየቃል፤ ጉዳዩ ኋላ ይደርሳል» ስላለችኝ ነው የማስቀድመው። እርስዎ ዘንድ ጉዳይ ኋላም እንደማይደርስ ታውቃለች፤ ግን ጨዋ ሴት ናት። እኛ ተመስገን ደኅና ነን። ዝናቡም ዘንድሮ የማንንም ዕውቅና ሳይጠብቅ ዘንቧል።

ሦስት ጊዜ ደጅዎ ድረስ ብመጣም ፊትዎን ለማየት ስላልታደልኩ ራሴን ላስተዋውቅ። ሃምሳ አለቃ ጉግሳ እባላለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት በውትድርና አገልግዬ፣ የመጨረሻዎቹን አሥራ አንድ ዓመታት እዚሁ ነገሌ ጦር ሰፈር ጨርሼ፣ ጡረታ ስወጣ ተወልጄ ወዳደግኩበት አገር መመለሱን ትቼ እዚሁ ቀረሁ። ቤት መቀመጥ ስላልሆነልኝም በሃምሳ አራት ዓመቴ ዳዳቻ የኅብረተሰብ ኮሌጅ ገብቼ የቧንቧ ሥራና የፓምፕ ጥገና ተማርኩ። በዕድሜ ስለምበልጣቸውም፣ ድምፄም እስከ ገበያው ስለሚሰማ፣ የክፍል አለቃ አደረጉኝ። ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ በዚያ ሹመቴ ነው፤ የሻረኝ ስለሌለ።

ኮሌጁን እርስዎ የሚያውቁት በመዝገብ ቁጥር ነውና ምን እንደሆነ ልንገርዎ። ዳዳቻ በኦሮምኛ ግራር ማለት ነው። ሦስት ጡረተኛ መምህራን በ1996 ዓ.ም. ትምህርት የጀመሩት በግቢው በር ላይ ባለው ትልቅ ግራር ሥር ስለነበር ስሙ በዚያው ጸና። ኋላ አራት የብሎኬት ክፍልና አንድ የዕቃ ቤት ተሠራ። ክፍያው የደኃ ክፍያ ነበር፤ እሱም ያቃተው ሰው ሲመጣ ዲኗ መምህርት ዕፀገነት «ግባና ተማር፣ ስትችል ትሰጣለህ» ነበር የምትለው። እሷ ራሷ የመቶ አለቃ ልጅ ናት፤ ጦር ሰፈር ተወልዳ፣ ገበያ ላይ አድጋ፣ በአማርኛውም በኦሮምኛውም እኩል ትሳደባለች።

አንድ ክፍል ውስጥ የነበርነውን ሰዎች ቢያዩ ደስ ይልዎት ነበር፤ ወይም ለክትትል አስቸጋሪ ሆነን ያገኙን ነበር። ከጎንደርና ከወላይታ የመጡ የወታደር ልጆች፣ ሻኪሶ ወርቅ ሲቆፍሩ ከርመው እጃቸው የሻከረ ጎረምሶች፣ የገበያ ነጋዴ ልጆች፣ ከብታቸው ያለቀባቸው አርብቶ አደሮች ነበርን። ከኔ በስተቀኝ መሱዳ ትቀመጥ ነበር፤ ገበያው ላይ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ሰዎች ልጅ፣ በትምህርቱም ከሁላችን በላይ። ከኔ በስተግራ ደግሞ ጉዮ ነበር። መምህሩ «ግፊት» ሲል ጉዮ ወደ መሱዳ ይዞራል፤ እሷ በኦሮምኛ ትነግረዋለች፤ እሱ ደግሞ አሰላስሎ «እህ፣ ላሟ ስትታለብ እንዳለው ነው» ሲል፣ ያን ጊዜ ለኔም ይገባኝ ነበር።

ጉዮ የሃያ ስድስት ዓመት ልጅ ነው፤ አገሩ ኤላ ዲማ፣ ከነገሌ በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ። በ2013 የመጀመሪያው ዝናብ ሲቀር የአባቱ ከብቶች ሠላሳ ስምንት ነበሩ፤ ወደ እኛ ሲመጣ ሁለት ቀርተዋል። የመጣውም በእግሩ ነው። መዝገብ ክፍል ገብቶ ሰላምታውን ሰጥቶ «ፓምፕ የሚያክም ሰው የሚማረው እዚህ ነው?» ብሎ ጠየቀ። ለምን እንደፈለገው ሲጠይቁት የመለሰውን ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ፤ «ከብቶቻችን የሞቱት ውሃ የሌለበት ቦታ አይደለም። ውሃው ከእግራቸው ሥር አለ። የእጅ ፓምፑ ነው የታመመው።» አራት ዓመት ሙሉ ያ ፓምፕ አንድ ጀሪካን ለመሙላት ግማሽ ሰዓት ይፈጅ ነበር። የሚጠግን ሰው እንዲላክ መንደሩ ያላመለከተበት ቢሮ የለም።

እንግዲህ ወደ አቤቱታዬ ልግባ። በሥርዓት እንዲሆን በቁጥር አደርገዋለሁ።

፩ኛ. የኮሌጁ ዕውቅና ጊዜው ሲያልቅ፣ መምህርት ዕፀገነት የእድሳት ማመልከቻውን ከነማስረጃው በ2013 ዓ.ም. ግንቦት ወር አስገብታ «በሂደት ላይ ነው፣ ማስተማሩን ቀጥሉ» የሚል ቃል ከጽሕፈት ቤትዎ ተቀበለች። ቃል ነው ያልኩት፤ ወረቀት አላልኩም። ዕውቅናው ካልታደሰ ተማሪ የብቃት ምዘና አይቀመጥም፤ ምዘና ያላለፈ ደግሞ ባለሙያ አይባልም። ስለዚህ ዓመት ሲያልፍ እኔና ጉዮ ክፍሉን ወክለን ሌሊቱ ሲነጋ በሚነሣው አውቶቡስ ተሳፍረን ደጅዎ መጣን። ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛው ጊዜ ፋይሉ ጣሪያው ሲያፈስ ረጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል አሉን፤ ጉዮ ዝናብ ያየ ቢሮ በመኖሩ ተደንቆ «የት ነው የዘነበው?» ብሎ ጠየቀ። በሦስተኛው ጊዜ ፋይሉ ደርቆ ነበር፤ እርስዎ ግን ስብሰባ ላይ ነበሩ። ስለ መስተንግዶው አመሰግናለሁ፤ ኮሪደርዎ ውስጥ ያለው አግዳሚ ወንበር እንደ እኔ ወገቡ ለታመመ ሰው ተስማሚ ነው።

፪ኛ. በ2015 ዓ.ም. ኅዳር ወር ሦስት ባለሙያዎችን ልከው ስለጎበኙን እጅግ አድርጌ አመሰግናለሁ። ጉብኝቱ ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀ። በዘገባቸው ላይ ሦስት ጉድለት ጽፈዋል፦ ቤተ መጻሕፍቱ ጠባብ ነው፤ የኮምፒዩተር ክፍል የለም፤ ሥልጠናው በአንድ ቋንቋ ብቻ መሰጠቱን ማረጋገጥ አልተቻለም። የመጨረሻው እውነት ነው። እኛም ማረጋገጥ አልቻልንም። የዕቃ ቤቱን ግን አልከፈቱትም፤ እዚያ ውስጥ የነበረውን የፓምፕ መፍቻ መሣሪያ ሁሉ መምህርት ዕፀገነት በሃያ ዓመት አንድ በአንድ ለምና ያሰባሰበችው ነበር።

፫ኛ ብዬ ልቀጥል አስቤ ነበር፤ ነገር ግን የሚቀጥለው በቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ እንደ ሆነው እነግርዎታለሁ።

ለመመረቂያ አንድ የተግባር ሥራ ያስፈልገናል። ክፍሉ በአንድ ድምፅ የኤላ ዲማን ፓምፕ መረጠ። ታኅሣሥ 2015 ነበር፤ አምስተኛው ዝናብ የቀረበት ወቅት። ሌሊት ተነሥተን ማክሰኞ ጠዋት ከመምህርት ዕፀገነትና ከመምህራችን ጋር ሆነን በአይሱዙ ደረስን። መንገዱን ዳርና ዳር ይዞ የወደቀውን ከብት መናገር አልፈልግም፤ እርስዎ ምሳ በልተው ሊሆን ይችላል። የመንደሩ ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ቆመው ነበር። የጉዮ እናት ልጇን ስታየው ልትስመው መጥታ፣ በእጁ መፍቻ መያዙን አይታ ቆም አለች፤ ከዚያ እጁን ከነመፍቻው ሳመችው።

ፓምፑን ፈታነው። አሥራ ሁለት ቧንቧና አሥራ ሁለት ዘንግ ከጉድጓዱ ስበን በሸራ ላይ አስተኛን። ጉዮ እንደተናገረው ነበር፤ የውስጡ ጎማ ተበልቷል፣ አንዱ ቧንቧ ተሰንጥቋል፣ ሌላ በሽታ የለውም። ጎማውንና አንድ መለወጫ ቧንቧ መሱዳ ከሐዋሳ አስመጥታ ይዛ ነበር። ከምሳ በፊት ስድስቱን ቧንቧ አጥበን ጨረስን። በዚያው ሰዓት አንድ ሞተር ሳይክል አቧራውን አስነሥቶ መጣና የእርስዎን ደብዳቤ ለመምህርት ዕፀገነት ሰጣት።

ደብዳቤው በጣም ጥሩ አማርኛ ነበረው። ዳዳቻ ኮሌጅ «ደብዳቤው ከደረሰበት ሰዓት ጀምሮ» ማናቸውንም የሥልጠና ተግባር እንዲያቆም፣ ንብረቱም ወደ ዕቃ ቤት ገብቶ እንዲታሸግ ያዛል። ግልባጭ ለፖሊስ ተደርጓል።

መምህርት ዕፀገነት ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አነበበች። ከዚያ ያመጣውን ሰው «ወንድሜ፣ ይኸው ታያለህ፤ ፓምፑ መሬት ላይ ነው። አራት ሰዓት ብቻ ስጠንና ገጥመነው እንሂድ» አለችው።

ሰውየው ቧንቧዎቹን አየ። ሴቶቹን አየ። «እትዬ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ፤ «ከደረሰበት ሰዓት ይላል። ከፈረሙ በኋላ ከነካችሁት እርስዎ ነዎት የሚጠየቁት።»

ፈርማ ነበር። መሣሪያውን ጭነን ተመለስን። አንድ ጀሪካን በግማሽ ሰዓት ይሰጥ የነበረው ፓምፕ ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ምንም አይሰጥም፤ ያፈረስነው እኛ ነበርን። ሃያ ስድስት ዓመት ስዋጋ ከመንደር ስወጣ እንዲያ አፍሬ አላውቅም። ሴቶቹ አልሰደቡንም። ቢሰድቡን ይሻል ነበር። ጉዮ አልተሳፈረም፤ ቧንቧዎቹን ጠብቆ እዚያው ቀረ።

በዘጠነኛው ቀን ወደ ነገሌ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። ሴቶቹ ውሃ ፍለጋ ወንዝ ድረስ ሄደው የሚመለሱት በማግስቱ እንደሆነ፣ ከቀሩት ሁለት ላሞች አንዷ እንደሞተች ነገረኝ። ከዚያ «አንቱ አለቃ፣ ያንን መፍቻ ለአንድ ቀን ብቻ» አለ። ሌላ ነገር አልጠየቀኝም።

መሱዳን አማከርኳት። እሷም ሱቃቸው ሄዳ ትልቁን የጨርቅ መቀስ ይዛ መጣች። በጠራራ ፀሐይ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት፣ ሰው ሁሉ እያየ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄድን። ማሸጊያው ገመድና የእርስዎ ማኅተም ያለበት ወረቀት ነበር። መሱዳ መቀሱን ከፈተች። «አንቺ ገና ብዙ የምትሆኚው ነገር አለ» ብዬ መቀሱን ከእጇ ተቀበልኩ። ፖሊስ ኋላ ሲጠይቀኝ የነገርኩትን ለእርስዎም በአደባባይ እደግመዋለሁ፦ ማሸጊያውን የቆረጥኩት እኔ፣ ሃምሳ አለቃ ጉግሳ፣ ብቻዬን ነኝ።

በማግስቱ ሦስታችን ኤላ ዲማ ላይ ፓምፑን ገጠምነው። የመጨረሻውን ብሎን ያጠበቀው ጉዮ ነው። እጀታውን ሲጫን መጀመሪያ አየር ብቻ ነፋ፤ ሁለተኛም እንዲሁ። በአሥረኛው ግድም ቀይ ጭቃ ተፋ፤ ከዚያ ጠራ ያለ ውሃ እንደ ክንድ ወፍሮ ወጣ። አንድ ጀሪካን በሁለት ደቂቃ ሞላ። ሽማግሌዎቹ «ናጋ፣ ናጋ»፣ ሰላም ይሁን እያሉ መረቁን። የጉዮ እናት በመዳፏ ቀድታ መጀመሪያ መሱዳን አጠጣቻት፤ ቀጥሎ እኔን። ክቡር ሆይ፣ እኔ ሜዳይ ተሸልሜ አውቃለሁ፤ የዚያን ቀን ያህል ግን አልተሸለምኩም።

ፓምፑ አሥራ አንድ ቀን ሠራ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ከእርስዎ ዘንድ ሁለት ባለሙያዎች ከሚሊሻ ጋር መጡ። በአራት ዓመት ውስጥ ለመንደሩ አንድም ሰው ሳይደርስለት፣ ውሃው በመጣ በአሥራ አንድ ቀን ሁለት ባለሙያ መላክዎ ፍጥነትዎን የሚጠራጠሩትን ሁሉ ያሳፈረ ነው። እጀታውን ጫን ጫን አደረጉ። ውሃው ወጣ። ቀመሱት። ከዚያ እጀታውን በሰንሰለት አስረው ቆለፉት፤ «የብቃት ምዘና ባላለፈ ሰው የተጠገነ» የሚል ወረቀትም ለጠፉበት።

ጉዮ «ምን ጉድለት አገኛችሁበት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ከሁለቱ አንደኛው ቅን ሰው ነበር፤ «ፓምፑማ ደኅና ነው» አለው። «ጉድለቱ ያለው ወረቀቱ ላይ ነው።»

«እንግዲያው ወረቀቱን እሰሩት እንጂ!» አለ ጉዮ።

ፓምፑን ዳግመኛ ላይነካ አስፈረሙት። እኔ ሦስት ቀን ታሰርኩ፤ ሽበቴንና አገልግሎቴን አይተው በማስጠንቀቂያ ለቀቁኝ። ፖሊሶቹ የሠፈሬ ልጆች ነበሩ፤ ምግቤን ከቤታቸው ያመጡልኝ ነበር፤ ስለዚህ በዚህ በኩል ቅሬታ የለኝም። ጉዮ የፈረመበትን አከበረ። ሰንሰለቱን በድንጋይ መበጠስ እንደሚቻል ያውቃል፤ ግን «እኔ ከነካሁት መምህርታችንን ይጠይቋታል» አለኝ። እርስዎ የማያውቁትን ሕግ የሚያከብር ሰው እንዲህ ነው።

በዚያ በጋ የኤላ ዲማ ሰዎች ቤታቸውን አፍርሰው፣ የቀራቸውን በግመልና በትከሻ ጭነው፣ ነገሌ ዳርቻ ካለው የተፈናቃዮች መጠለያ ሰፈሩ። የጉዮ እናት መንገዱን ጨርሳለች፤ መጠለያው ውስጥ ግን አንድ ወር አልቆየችም። ሐኪሙ ተቅማጥ ነው አለ። የምትጠጣው ውሃ ከኩሬ ነበር፤ ኩሬው ላይ ሰንሰለት አልነበረበትም። ስንቀብራት ጉዮ አላለቀሰም። አፈሩን መልሶ ሲጨርስ ወደኔ መጥቶ «አለቃ፣ ጎማው ስንት ዓመት ይቆያል ብለውን ነበር?» አለኝ። አምስት ዓመት አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

አሁን ሻኪሶ ነው፤ ወርቅ ይቆፍራል። ጉድጓድ ለመግባት ምዘና አይጠየቅም። መሱዳ ሱቃቸው ውስጥ ትሸጣለች፤ በእሷ እጅ የነበረውን ሙያ ሳስብ ጨርቅ ስትለካ ማየት ስለሚከብደኝ በዚያ መንገድ አላልፍም። መምህርት ዕፀገነት ቡሌ ሆራ ሄዳ በአንድ ነጋዴ ድርጅት ውስጥ ጸሐፊ ሆናለች። የኮሌጁ ክፍሎች እንደታሸጉ ናቸው። አንድ መቶ አርባ ሁለት ተማሪዎች እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ትምህርት በራሳቸው ውስጥ ይዘው ባጃጅ ይነዳሉ፣ ጫት ይሸጣሉ፣ ወይም እንደ እኔ ደብዳቤ ይጽፋሉ።

ክቡር ሆይ፣ የዚህ ዓይነት ደብዳቤ ሲያበቃ ጸሐፊው አንድ ነገር ይለምናል። እኔ አስቤ አስቤ የምለምንዎት አጣሁ። ኮሌጁን ይክፈቱ እንዳልል አስተማሪም ተማሪም የለውም። ሰንሰለቱን ይፍቱ እንዳልል መንደሩ ባዶ ነው። ስለዚህ ምስጋናዬን ብቻ ይቀበሉኝ፤ ያልተመዘነ ሰው የጠገነውን ውሃ ጠጥተን ክፉ እንዳያገኘን ስለተጠነቀቁልን፣ ቋንቋ እንዳንደባልቅ ስላረሙን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሃምሳ አራት ዓመቱ ገና ተስፋ ያደርግ የነበረን ሰው በሃምሳ ሰባት ዓመቱ ከዚያ ድካም ስላሳረፉት።

ዘመንዎ ይርዘም፣ ስብሰባዎ ይባረክ፣ ጣሪያዎ አያፍስስ እያልኩ፣ በበር ጠባቂዎ መዝገብ ላይ ሦስት ጊዜ «ተመልሶ ሄደ» ተብዬ የተጻፍኩ ታዛዥዎ

ሃምሳ አለቃ ጉግሳ
የዳዳቻ ኮሌጅ የፓምፕ ጥገና ክፍል አለቃ

ከፊርማው በኋላ የታከለ፣ ሚያዝያ 28 ቀን፦ ይህን ደብዳቤ ለአደባባይ ላወጣው ስዘጋጅ የእርስዎ ደብዳቤ ደረሰኝ። ዲኗ ስለሌለች ለክፍል አለቃው ይሰጥ ተብሎ ነው። የኮሌጁ ዕውቅና መታደሱን አብሥረውናል፤ ማመልከቻው ከገባበት ከግንቦት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሦስት ዓመት የጸና፣ ማለትም እስከ ነገ ወዲያ። እንኳን ደስ አለን። ቀጣዩ እድሳት ከስድስት ወር በፊት መጠየቅ እንደነበረበትም በትሕትና አሳስበዋል።

ሻኪሶ ደውዬ ለጉዮ አነበብኩለት። ቀኖቹን ደግሜ እንዳነብለት ጠየቀኝ፤ ደገምኩለት። ከዚያ «እንግዲያውስ ፓምፑን የገጠምን ቀን ኮሌጃችን ፈቃድ ነበረው?» አለኝ።

«ነበረው፣ ልጄ» አልኩት።

«ታዲያ እናቴ…» ብሎ ጀመረ። ክቡር ሆይ፣ ከጦር ሜዳ ሸሽቼ አላውቅም፤ ይህን ግን ልሰማው ስላልቻልኩ፣ ኔትወርክ የተቋረጠ እንዲመስለው አድርጌ ስልኩን ዘጋሁት። መልሶ ሲደውል የሚነግሩትን ካወቁ ቁጥሩን ልልክልዎ ዝግጁ ነኝ።